የሣሩ ልጅ

«አጥሯል» አለች ቺኒማያ። ከፓሹፓቲ የሂንዱ ቤተ መቅደስ በታች፣ በባግማቲ ወንዝ ዳር ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ከሣር የተጎነጎነ ሰው ተጋድሞ ነበር። ለሥራ ዓረብ አገር የሄደው ልጇ ድምፁ ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት ስለሞላው፣ ሬሳው ባይገኝም በእሱ ምትክ ሣሩ ሊቃጠል ነው። በሥርዓቱ መሠረት ከዚያ በኋላ በእግሩ ቢመጣ እንኳ እንደ ሙት ይቆጠራል።

«እማማ፣ ሣር እኮ ነው» አሉ ካህኑ። «ሙሽራ ልንድር መሰለሽ እንዴ?»

«የኔ ልጅ ሎጋ ነበር። ይሄ ድንክ ማንን ይመስላል? ይፍቱና እንደገና ይሥሩት።»

ከኋላቸው የዘመዶቻቸውን ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። ካህኑ በረጅሙ ተነፈሱና ማሰሪያውን ያዙ። «እሺ፣ አሳዪኝ። አጠገብሽ ሲቆም የት ይደርስ ነበር?»

ቺኒማያ እጇን ፈጥና ከራሷ በላይ ዘረጋች። ትንሽ ዝቅ አደረገችው። ወደ ግንባሯ አመጣችው፣ መልሳ ከፍ አደረገችው። የልጇን ቁመት የሚያስታውሳት ሰው ካለ ብላ ዞር አለች፤ ያሉት ተራ ጠባቂዎቹ ብቻ ነበሩ።

«ይተዉት» አለች እጇን አውርዳ። «ይሄው ይሁን። ይለኩሱት።»