የቨርሊን ቱርክ

ቨርሊን ፑኬት ያንን አውራ ቱርክ፣ ያንን ዶሮ መሰል ትልቅ የዱር ወፍ፣ ለሦስት ጸደይ አሳደደው። አንድም ቀን ግን ዓይኑን አላየውም።

ድምፁን ብቻ ይሰማዋል። ጎህ ሲቀድ ከሸንተረሩ ላይ «ጉልጉልጉል!» ይላል። ቨርሊን ወደዚያ ሲወጣ ድምፁ ከቀጣዩ ሸንተረር ይመጣል። ወደ ቀጣዩ ሲወጣ ደግሞ ከዚያ ማዶ።

ቨርሊን ይሠራበት የነበረው የእንጨት መሰንጠቂያ ተዘግቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ፊት ሳይነሣ ከርሞ ነበር። ወንበሩ የእሱን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። ከዚያ በአንድ የሚያዝያ ማለዳ ከቤቱ ጀርባ ያ ድምፅ ተሰማ፤ እሱም እንደ ወጣት ዘሎ ተነሣ።

ሚስቱ ኔልዳ አበረታታችው። በጠመንጃው ፈንታም ቀስት ገዛችለት።

«በጠመንጃ ማንም ይገድላል» አለችው። «ወንድ ከሆንክ በቀስት ጣለው።»

የአደን መደበቂያ ድንኳኑንም ቀድዳ የቲማቲም ችግኝ አለበሰችበት። ቨርሊን አኮረፈ፤ ግን ክብሩ ተነክቷልና ያለ ድንኳን ወጣ። ዛፍ ተደግፎ፣ ፊቱን በጥላሸት አጥቁሮ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ መቀመጥ ለመደ። የቱርክ ዓይን ክፉ ነው፤ ሽፋሽፍት ብታርገበግብ ያይሃል።

ሲመለስ ኔልዳ ወጥ ቤት ቆማ እንቁላል ስትጠብስ ያገኛታል። ሚያዝያ በገባ ቁጥር የአበባ ብናኝ ጉሮሮዋን ስለሚዘጋው ድምፅዋ ይሻክራል።

«ዛሬስ?» ትለዋለች በሻከረ ድምፅ።

«ዛሬም አመለጠኝ። አንድ ሰው እያስደነበረብኝ ነው።»

ያ ሰው ማን እንደሆነ ቨርሊን ያውቃል። የኔልዳ ወንድም ዶይል ነው። የዶይል መኪና በየማለዳው ከሸንተረሩ ግርጌ ቆሞ ይታያል። ዶይል ደግሞ በነዳጅ ማደያው ሱቅ ሰው በተሰበሰበበት መቀለድ ይወዳል።

«አማቼ፣ ያ ቱርክህ እንዴት ነው? አገባ ወይስ ገና ነው?»

ሱቁ በሳቅ ይናጋል። ቨርሊን ጥርሱን ያፋጫል። ቀበቶው ሦስት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል። ዳገቱን አሁን ሳያርፍ ይወጣዋል። እሱ ግን «ያ ሰውዬ በንዴት አከሳኝ» ይላል።

የአደኑ ወቅት በሚዘጋበት የመጨረሻ ቀን ቨርሊን ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ ወጣ። በጫካው ዞሮ ከዶይል መኪና ጀርባ ደረሰ። ዶይል መሪውን ተደግፎ ሁለት ኩባያ ቡና አጠገቡ አስቀምጦ ያፏጫል።

ቨርሊን በሩን በርግዶ ከፈተው።

«ያዝኩህ፣ አንተ ሌባ! ቱርኬን ስታስደነብርብኝ ያዝኩህ!»

ዶይል ቡናውን ጭኑ ላይ ደፋው። «ኸረ በእናትህ! እኔ ቁጭ ነው ያልኩት!»

«በዚህ ጨለማ ምን ቁጭ ያሰኝሃል? ለማንስ ነው ሁለተኛው ቡና?»

በዚያው ቅጽበት ከሸንተረሩ ላይ «ጉልጉልጉል!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቨርሊን ደንዝዞ ቆመ። ዶይል እዚህ ነው፤ ቱርኩ እዚያ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚስቱን ወንድም በከንቱ ጠርጥሮ ነበር ማለት ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይቅር በለኝ፣ ዶይል። ስገድለው ጭኑ ያንተ ነው።»

«ቆይ! ቨርሊን! ፍላጻውን እዚህ ተወው!»

«ምቀኛ!» አለና ወደ ዳገቱ ተፈተለከ።

ዶይል ተከተለው፤ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ግን ትንፋሽ አጥሮት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቨርሊን ዞሮም አላየው። ወደ ሸንተረሩ አናት ሲቀርብ በሆዱ ተኛና በእርጥቡ ቅጠል ላይ መሳብ ጀመረ። በአፉ እንደ እንስት ቱርክ ለስለስ አድርጎ ጠራ።

«ጉልጉልጉል!» ተመለሰለት። ከትልቁ ዛፍ ጀርባ። ዐሥር እርምጃ አይሞላም።

ልቡ ደረቱን ደበደበው። እንዲህ ቀርቦት አያውቅም። ፍላጻውን ደገነ፣ በጉልበቱ ተነሣ፣ አውታሩን እስከ ጆሮው ድረስ ሳበ፣ ከዚያም ግንዱን ዞሮ ብቅ አለ።

«እንዳትለቀው፣ ቨርሊን!» ጮኸች ኔልዳ እጆቿን ከአፏ ላይ አንሥታ፤ «ሐኪሙ ‹በየማለዳው ዳገት ካልወጣ ልቡ ዓመት አያደርሰውም› ብሎኝ እንጂ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጫካ ለጫካ መጮህ አምሮኝ ይመስልሃል?»