ከመስቀል በኋላ፣ ረቡዕ ቀን

ይርጋ ሐምሌ ከገባ ወዲህ ከቢሮ ሲመለስ ጫማውን ለማውለቅ እንኳ ጉልበት ያጣል። ሥራ በዝቶበት አይደለም፤ ወልድያ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሥራ ብዛት ወደቀ ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል? ያደከመው በሆዱ የያዘው ነገር ነው።

ልጁ ደሳለኝ ከመርሳ ልጆች ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ከወጣ ሁለት ክረምት ሆኖታል። ባለፈው ጥር አንዱ የልጁ ጓደኛ ለይርጋ ቢሮ ደወለለትና፣ ደሳለኝ የመን በረሃ ላይ ታሞ መሞቱን፣ እዚያው መቀበሩን እያለቀሰ ነገረው። ይርጋ መቼ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ስልኩን ዘጋ፣ የያዘውን ፋይል ቦታው መለሰ፣ ቤቱ ገባ። ለሚስቱ ለፋንቱ ትንፍሽ አላለም።

እንዴት ብሎ ይንገራት? ፋንቱ የእናቷን መርዶ የሰማች ጊዜ ወድቃ ሦስት ቀን ራሷን አታውቅም ነበር። «ፋሲካ ይለፍ» አለ። ፋሲካ አለፈ። «ክረምቱ ይግባ» አለ። ክረምቱም ገባ። ለጎረቤት እንዳይነግር፣ እዚያ ሰፈር ለአንድ ሰው የነገሩት ነገር ምሳ ሳይደርስ አገር ያዳርሳል። እሷም «ልጄ ደወለ ወይ?» ማለቷን ከተወች ሰንብታለች፤ ይርጋ ይህን እንደ ምሕረት ቆጠረው።

በዚህ መሐል ነው ፋንቱ ጓሮውን ካልቆፈርኩ ብላ የተነሣችው።

«እዚህ ጥቅል ጎመን፣ እዚህ ካሮት፣ አጥሩ ጥግ ቀይ ሥር» አለች ሲባጎ እየወጠረች። ችግኙን ሲሪንቃ ድረስ ወርዳ፣ ከመንገድ ዳር ገዝታ በሚኒባስ ጭና አምጥታዋለች። ሻሿ በላብ ርሷል። ዘንድሮ ቤት ውስጥም ከራሷ አታወርደውም።

ይርጋ ዶማውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ተው አንተ፣ ቁጭ በል! የግፊትህን ክኒን ውጠሃል?»

«ውጫለሁ። ይሄ ሁሉ ጎመን ለማን ነው?»

«ለሰው ነዋ! የሰው ድግስ ስንበላ ኖረን፣ እኛ አንድ ቀን ጎረቤት ጠርተን እናውቃለን? ሰማዩ ሲጠራ፣ መስቀል ሲያልፍ፣ መስከረም ሃያ ስምንት ምሳ እናብላ።»

ይርጋ በጣቱ ቆጠረ። «ረቡዕ ነው እኮ። ጾም ነው።»

«ቢሆንስ? ሥጋ ከሆነ እነ ሀፍሳ አይበሉልንም። አትክልት ሲሆን እስላሙም ክርስቲያኑም ካንድ ትሪ ይበላል።»

እውነቷን ነው። ልጇ አፈር ለብሶ እሷ ግብዣ ታሰናዳለች እያለ በሆዱ፣ እንባው ሲመጣበት ዞር ብሎ ተናፈጠ።

ነሐሴን በዝናብ መሐል ስትኮተኩት ከረመች። እራት ላይ ወሬዋ ሁሉ ግብዣው ነው፤ አግዳሚው ከማን ቤት እንደሚመጣ፣ ዝናብ ቢጥል ድንኳኑን ከእድር እንደምትዋስ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ። ይርጋ እንጀራውን እየቆረሰ ይሰማል።

«ፋንቱ» ይላል አንዳንድ ጊዜ።

«አቤት» ትላለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

«ወጡ ጨው በዝቶበታል» ብሎ ይተወዋል። ይሄ ነው እንግዲህ የወንድነቱ ልክ። እሷም አልፎ አልፎ «አንተ ይርጋ» ትልና፣ ቀና ሲል «ክኒንህን» ብላ ትጨርሰዋለች።

መስከረም ሲጠባ የሰፈሩ ነገር አላማረውም። ሀፍሳ ሱቅ ሳሙና ሊገዛ ሲገባ ሴቶቹ የያዙትን ወሬ ቆረጡ። ሀፍሳ ሳሙናውን ስትሰጠው ቀና ብላ አላየችውም፤ «ጋሽ ይርጋ፣ አላህ ያበርታዎት» አለች ብቻ። ባሏ ቢላል በበኩሉ በር ላይ ጨብጦት እጁን አልለቅም አለ።

ሰምተዋል ማለት ነው። ሳዑዲ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ይርጋ ፈራ። አንዷ ወሬኛ ወፍጮ ቤት ላይ ብታፈርጠው፣ ፋንቱ መንገድ ላይ ተዘርራ ልትቀር ነው። ስለዚህ ቆረጠ፤ ረቡዕ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እሱ ራሱ ተነሥቶ ይናገራል። ያን ቀን ቢያንስ የሚደግፋት ሰው አይጠፋም።

ረቡዕ ማለዳ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ የእግር ኮቴ ሰምቶ ነቃ። ፋንቱ አጠገቡ የለችም። ጋቢውን ጣል አድርጎ ወጣ።

ግቢው ሞልቷል። ለምሳ የተጠራው ሰው በሙሉ ድንኳኑ ሥር፣ አግዳሚው ላይ፣ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጧል። ፊት ለፊት የቤቱ ንስሐ አባት መምሬ ታደሰ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ለምሳ ግብዣ ጎሕ ሲቀድ የሚመጣ ሰው የለም። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው የሚሰበሰበው ለምን እንደሆነ ይርጋ አሳምሮ ያውቃል። ቀደሙት። ሊያረዷት መጥተዋል።

ፋንቱ ጎመኑ አጠገብ ቆማለች። ይርጋ ሮጦ ክንዷን ያዘ፣ እንዳትወድቅበት። እሷም በሁለት እጇ ክንዱን ጭምድድ አድርጋ ያዘችው። ቢላል ከኋላ ወንበር ይዞ ተጠጋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«መምሬ፣ ቀስ ብለው፣ በእግዚአብሔር» አለ ይርጋ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «አትችለውም።»

መምሬ ታደሰ ፋንቱን አላዩም፤ ቀርበው እጃቸውን የጫኑት በእሱ ትከሻ ላይ ነው።

«ጠንከር በል ይርጋ፣ ልጄ» አሉት፤ «ፋንቱ የደሳለኝን ነገር ላንተ የምታወጣበት አፍ አጥታ፣ ይኸው ዛሬ ዓመት ሞላት።»