ለእማማ አማከለች የተወጠረ ድንኳን

ጥሩምባው ሲነፋ ጣሪያው ላይ የነበሩት የቅሬው ሰዎች መዶሻቸውን አስቀመጡ። ጋሽ ሀብቴ አረፉ። ታመው የከረሙ ጎረቤት ናቸው፤ ሞታቸው ድንገተኛ አይደለም። ቀኑን ግን እንዲህ ይመርጡብኛል ብዬ አላሰብኩም።

የእማማ አማከለች ቤት አሮጌ ቆርቆሮ ተነቅሎ ግቢው ውስጥ ተከምሯል፤ አዲሱ ገና አልተመታም። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ እኔ ደግሞ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ስምምነታችን ቆርቆሮና ሚስማር ከእኛ፣ ጉልበት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከሚቀባበርበት ከሰፈሩ እድር፣ ከቅሬው ነበር። ቅሬው ቃሉን ጠበቀ። የእኛ ቆርቆሮ ግን በግንቦት ይመጣል ተብሎ ከተማችን መርሳ የገባው በሐምሌ ነው። መንግሥት ክረምትን የሚያውቀው ከቢሮ መስኮት ነው፤ ይህን የምለው ደመወዙን እየበላሁ ነው።

ተራራው ጠቁሯል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ከጠጣ ይፈርሳል። ቀበሌው ደግሞ ሌላ ባዶ ቤት የለውም። እማማ አማከለች ልጅም ዘመድም የላቸውም። ደጅ በወጣው ዕቃቸው መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰማዩን ያያሉ።

የቅሬውን ዳኛ ሼህ ዑስማንን ሥራውን እንዲያስጨርሱልኝ ለመንኳቸው። ሬሳ ሳይቀበር መዶሻ አይነሳም፣ ለአማከለችም ቀኗ ሲደርስ የሚደረግላት ይኸው ነው አሉኝ። ተናደድኩ። የባሰ ያናደደኝ ልክ መሆናቸው ነው።

«እንግዲያው የለቅሶውን ድንኳን ይስጡኝና ቤቱን ላልብሰው» አልኳቸው።

«ለቀስተኛውስ ዝናብ ላይ ይቀመጥ?»

«የቀበሌውን አዳራሽ እከፍታለሁ።»

አዳራሹ ለነገው የወረዳ ስብሰባ ተጠርጎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ባነሩ ተሰቅሎ ተዘግቷል። ማንም ድርሽ እንዳይል ጠዋት በስልክ ታዝዣለሁ፤ ሼሁም ይህን ያውቃሉ።

«ነገ አለቆችሽ ሲመጡስ?»

«ከለቀስተኛው ጋር ይቀመጣሉ። ከተቆጡም የሚቆጡት እኔን ነው።»

ሼህ ዑስማን ከዘራቸውን አንስተው ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ለቅሶ ቤት ሄዱ። የድንኳኑ ባለቤት ዛሬ ሐዘንተኛዋ የጋሽ ሀብቴ ሚስት ፋንቱ ናትና ያለ እሷ ፈቃድ አይሆንም። ሲመለሱ የመጀመሪያው ጠብታ ወርዷል።

«ፋንቱ እሺ ብላለች» አሉ። «ሀብቴ የሰው ቤት አፍርሶ አይሄድም ነው ያለችው።»

ከወጣቶቹ አንዱ የቅሬው ሕግስ ብሎ አንገራገረ። ሼሁ ወደ እሱ ዞሩ። «ድንኳን መትከል የቅሬ ሥራ ነው። በማን ላይ እንደሚተከል ሕጉ አልተናገረም።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ሸራው መጣ፤ ባዶው ማገር ላይ ሲጎተት ሁላችንም አፍረን የእማማ አማከለችን ፊት ሸሸን። የለቅሶ ድንኳን በቁም ያለ ሰው ላይ ሲወጠር አይቼ አላውቅም። በቁሜ ልትቀብሩኝ ነው ወይ እንዳይሉኝ ፈራሁ፤ ቢሆንም የደረሰኝን ገመድ አልለቀቅኩም። ንፋሱ ሸራውን እየነጠቀ ስለነበር ድንጋይ እስኪታሰርበት ድረስ በየጥጉ ሰው መያዝ ነበረበት።

ዝናቡ ወረደ። እማማ አማከለች ከበርጩማቸው ተነስተው ገቡና ቀና ብለው ሸራውን አዩት። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነው።

ወደ በሩ ተመልሰው ወጡ።

«ማን እንደሚመጣልኝ ሳላውቅ እሞታለሁ ብዬ ስፈራ ነው የኖርኩት» አሉ።

ዝናቡ እየመታቸው፣ ገመድ የያዙትን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠሩ ቤታቸውን ዞሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንቺም መጣሽ» አሉኝ።