ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ቀን

እየሠራች ለሁለተኛ ዲግሪ የምትማረው ነርስ «ጉልህ ልዩነት ተገኝቷል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ሰረዘችው። አማካሪዋ ከጎኑ በቀይ «ለማን? በስንት?» ብሎበታል። የመመረቂያ ጽሑፉ ደግሞ ዛሬ ከአሥር ሰዓት በፊት መግባት አለበት።

«አሁንም አላለቀም?» የክፍሉ ኃላፊ ነርስ በእረፍት ክፍሉ በር ብቅ አሉ። ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ሁሉ በማግስቱ ከአልጋ አስወርደው ስለሚያስኬዱ፣ ሠራተኛው በሌሉበት «እትዬ ተነሱ» ይላቸዋል። ሐኪሞቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋቸዋል። የጥናቱ ሐሳብም የተወለደው ከእሳቸው ጭቅጭቅ ነው።

«እትዬ፣ እስቲ ይስሙኝና ይፍረዱ» አለች። «በማግስቱ የተራመዱት፣ ተኝተው ከቆዩት በአማካይ አንድ ቀን ተኩል ቀድመው ቤታቸው ገብተዋል።»

«ሐኪሞቹ ‹ጠንካሮቹ ስለሆኑ ነው› ቢሉሽስ?»

«የስታቲስቲክስ ሞዴሉ ዕድሜያቸውንም የቀዶ ጥገናውንም ዓይነት አስገብቶ ነው ያሰላው። ልዩነቱ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል? እርግጡን አታውቂውም እንዴ?»

«እርግጡማ ይኸው ነው፤ የማናውቀውን ያህልም አብረን እንጽፋለን።»

ኃላፊዋ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ጉድ እኮ ነው! እኔ እርግጠኛ ሆኜ ስጮህ የሰማኝ የለም፤ አንቺ በ‹ሊሆን ይችላል› ልታሳምኛቸው!»

ተማሪዋም ሳቀች። ቀጣዩ መስመር ላይ ስትደርስ ግን ልትዘለው ፈለገች። ቢቀርስ ማን ያውቃል?

«ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑት ላይ ግን አልለየልንም፣ እትዬ። ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ምናልባት ይጠቅማቸዋል፤ ምናልባትም ምንም አይለውጥ።»

ኃላፊዋ ዞረው ኮሪደሩን ተመለከቱ። ስንቱን አዛውንት ደግፈው በዚያ ኮሪደር እንዳመላለሱ እሳቸው ያውቃሉ።

«እሱንም ጻፊው» አሉ። «ያን ደብቀሽ ቢደርሱብሽ የፊተኛውንም አያምኑሽ። ለሽማግሌዎቹ ሌላ ተማሪ ይምጣ፤ እኔ አስኬድለታለሁ!»

ቅልል አላት። ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር አከታትላ ጻፈችና ማያ ገጹን ወደ እሳቸው አዞረችው።

ኃላፊዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ተማሪዋ በክፍሉ አብራቸው በሠራችበት ስምንት ዓመት ውስጥ በሥራ ሰዓት ተቀምጠው አይታቸው አታውቅም። ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ዘረጉ፣ ፊታቸው ጥርስ በጥርስ ሆነ።

«በይ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ» አሉ፤ «ቀስ እያልሽ።»