የኢሎይዛ ቱና

«ያንን ወርቃማውን አውርጂልኝ!» አሉ፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት ኞ የሚላቸው ቶርካቶ፣ ከሱቁ ጣሪያ ሥር የተሰቀለውን ትልቁን የዓሣ ክር ማጠንጠኛ በአገጫቸው እያመለከቱ።

«እሱ ለአፈ ጦሩ ዓሣ ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ቱና ነው» አለች ባለሱቋ አርሚንዳ። «ይሄን ከተሸከሙ ዓሣው ሳይመጣ ወገብዎ ይሄዳል።»

ኢሎይዛ ከአባቷ ከኞ ቶርካቶ ኋላ ሆና ሳቋን ዋጠች። ዛሬ መሳቅ አይበጃትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክር በእጃቸው እየሳቡ የኖሩት አባቷ፣ ዘንድሮ ጀልባዋን እያስኬዱ መንጠቆ ከኋላ ሊያስጎትቱ፣ በዘንግና በማጠንጠኛ ሊያጠምዱ ቆርጠዋል። መሪውን እሳቸው ይይዛሉ። አንዱን ዘንግ ወንድሟ ዴማ ይይዛል። ሁለተኛው ዘንግ ገና ሰው አልተገኘለትም፤ እሷ ደግሞ ያንን ቦታ ከምንም ነገር በላይ ትፈልገዋለች።

ምን ያደርጋል፣ ግራኝ ናት። ልጅ ሳለች አንድ ቀን ጀልባ ላይ ወጥታ ክሩን ጠቅልላው ነበር። ግራኝ ሲጠቀልል ዙሩ ከሌላው ሰው ተቃራኒ ነው። ዓሣው ነጥቆ ሲሮጥ ክሩ ተተበተበ፣ ተበጠሰ፣ በሬ የሚያክል ቱና መንጠቆውን እንደነከሰ ወደ ብራዚል ሄደ። «ግራኝ እኔ ጀልባ ላይ አይወጣም!» አሉ ኞ ቶርካቶ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ወደቡ ላይ ቆማ ሌሎች ያጠመዱትን ትሸጣለች። ስትሸጥ ደግሞ እሳት ናት፤ እሱም ቢሆን የባሰ የብስ ላይ አሰራት እንጂ አልጠቀማትም።

አርሚንዳ ሁለት ዓይነት ክር አቀረበች፤ አንዱ የተጎነጎነ፣ ቀጭንና ብርቱ፣ ሌላው ተራ ናይለን።

«ሹሩባውን ስጪኝ፤ እሱ አይበጠስም» አሉ አባቷ።

«አይበጠስም፣ ግን አይለጠጥም» አለች ኢሎይዛ፣ አፏን መያዝ አቅቷት። «ጀልባዋ ወዲህ ስትሮጥ፣ ቱናው ወዲያ ሲሮጥ... አባዬ፣ አፉ ይቀደዳል! ናይለኑ ትንሽ ይለጠጥለታል።»

«አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ?» አሉ፤ ናይለኑን ግን አነሱት።

አርሚንዳ አጠር ያለ ጠንካራ ዘንግ መርጣ መካከለኛውን ማጠንጠኛ ገጠመችበት። «በሉ ውጡ፤ ሳይሞከር ከዚህ ቤት ዕቃ አይወጣም» ብላ የክሩን ጫፍ ዴማ ወገብ ላይ አሰረችው። መንገዱ ወደ ባሕሩ ቁልቁል ነው፤ ዴማ ቱና ሆኖ እንዲሮጥ ተነገረው። ወይ ዴማ! ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ለመሆን ሰበብ ሲፈልግ የኖረ ነው የሚመስለው። ጉንጩን ነፋ፣ ክንዶቹን ጎኑ ላይ ለጠፈ፣ በሰው ሁሉ ፊት ቁልቁል ተፈተለከ።

ማጠንጠኛው ጮኸ። ኞ ቶርካቶ ዘንጉን በብርቱው ቀኝ እጃቸው ጨብጠዋል፤ በግራቸው ማጠንጠኛውን የሚያዞረውን መዘውር ቢዳብሱ የለም። በቀኝ በኩል ነዋ!

«መዘውሩን! መዘውሩን ያዙሩት እንጂ!» ትላለች አርሚንዳ።

እሳቸው ግን ዘንጉን ብብታቸው ሥር ወሸቁና ክሩን በባዶ እጃቸው አፈፍ አድርገው ይስቡት ጀመር። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ! ክሩ እግራቸው ሥር ተከመረ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተጠመጠመ።

«ኑ እዩ! ኞ ቶርካቶ ራሳቸውን አጠመዱ!» አለች አንዷ ዓሣ ሻጭ፤ መንደሩ በሳቅ ፈረሰ።

«ይሄን የሠራው ሰውዬ እጅ የለውም እንዴ?» አሉ እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ።

«ስጠኝ አባዬ» አለች ኢሎይዛ።

ከእግራቸው ላይ ክሩን ፈታች፣ ጠቀለለች፤ ዴማ እንደገና ተፈተለከ። ጉልበቷ ያለው ግራ እጇ ላይ ነው፤ እሱ ዘንጉን ያዘ። ቀኝ እጇ ማንም ሳያዘው ሄዶ መዘውሩ ላይ አረፈ። ዘንጉን ቀና አደረገች፣ ዝቅ እያደረገች አጠነጠነች፣ ደግሞ ቀና አደረገች። በግራ ተጠቀለለ፣ በቀኝ ተጠቀለለ የሚል ጣጣ የለም፤ ማጠንጠኛው ራሱ ነው የሚዞረው።

«ኧረ ቀስ! ኧረ አንጀቴን!» ዴማ በተረከዙ ድንጋዩን እየቧጠጠ ወደ ላይ ተሳበ። እውነተኛ ቱናም እንዲህ አያማርርም። እግሯ ሥር መጥቶ ዘፍ አለ፤ ሰዉ አጨበጨበ።

ኞ ቶርካቶ አላጨበጨቡም። የልጃቸውን ግራ እጅ አዩ፣ መዘውሩን አዩ፣ መልሰው እጇን አዩ።

«አርሚንዳ፣ ይሄ ነገር ለግራኝ ነው እንዴ የተሠራው?»

«ምን ማለትዎ ነው? ሁሉም እንዲህ ነው። ለሰው ሁሉ ነው የተሠራው።»

«የለም፣ የለም» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ለእሷ ነው የተሠራው።»

ኢሎይዛ ዘንጉን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። አባቷ ግን ወዲያው ፊታቸው ጨለም አለ፤ ከባድ ሐሳብ እንደያዛቸው አገጫቸውን አሻሹ።

«ቆይ እንጂ... ነገ ዓሣውን ማን ሊሸጥልን ነው?»

«ቱናው ይሽጠዋ!» አለች ኢሎይዛ።

«ማን? እኔ?» ዴማ ከመሬት ተነሳና እንደታሰረ ቁልቁል ሽሽቱን ጀመረ። ኢሎይዛም የማጠንጠኛውን ፍሬን ላላ አደረገችለት። ይሩጥ፣ ምን ቸገራት፤ ክሩ ብዙ ነው።