ጋዝ የሚያቀዘቅዘው ሙሽራ

«ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ አስማረ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ገና ከደጃፉ ቆመው ሳሉ።

አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ከሰል ሲነግድ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ነው። አንዲት ልጁን እመቤትን ለማንም ላለመስጠት ቆርጦ፣ እምቢታውን ከጠዋት ጀምሮ ሲያሰናዳ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ቢሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን ዓለምነው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ጋዝ ያቀዘቅዛል።»

«ፍሪጅ ጠጋኝ ነው በሉኛ።»

«የለም፣ ፊዚክስ ነው። ከቅዝቃዜ ሁሉ መጨረሻ አጠገብ ያደርሰዋል።»

«የቆሰበርን የሐምሌ ብርድ አይቷል?»

«ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው» አሉ ቢሻው። «ይሄ ግን ከዚያም ይብሳል።»

አስማረ ነገሩ እየቀናለት መሰለው። «ማቀዝቀዣው የት ነው?»

ቢሻው ወደ ባልደረባቸው ወደ አቶ ስማቸው ዞር አሉ። ስማቸው መሬት መሬት አዩ።

«ማሽኑ ያለው ጀርመን ነው» አሉ ቢሻው ቀስ ብለው። «እሱ እዚህ ሆኖ ስሌቱን ይሠራል።»

«እንግዲያው የሚያቀዘቅዘው በወረቀት ነው።»

ሚስቱ ማናለብሽ ጓዳ ሆና ሳቋን በሳል ስትሸፍን ተሰማ።

ቢሻው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ሲመጡ ሚኒባስ ውስጥ ዓለምነው ያስጠናቸውን እያስታወሱ ቀጠሉ። «የጋዝ ቅንጣቶች ሲሞቃቸው እንደ ገበያ ሰው ይጋፋሉ። ሲበርዳቸው አደብ ይገዛሉ። እጅግ ሲበርዳቸው ደግሞ የቱ የቱ እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ አንድ ይሆናሉ። ዘንድሮማ ሌላ ጉድ ተገኘ አሉ፤ እንደ ጠጣር ይቆማል፣ እንደ ውሃ ይፈሳል።»

«ወይ ይቆማል፣ ወይ ይፈሳል» አለ አስማረ። «ሁለቱንም ነው የሚል ሰው ለትዳር አይታመንም።»

ቢሻው ላብ አላባቸው። «ምናልባት መጀመሪያ ይቆምና ኋላ ይሆናል የሚፈሰው።»

«አይደለም፤ ባንድ ጊዜ ነው» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

እመቤት ነበረች፤ ዓለምነውን በመልክም አላውቀውም ብላ ትናንት ለአባቷ የነገረችው እመቤት። እጇ እንደረጠበ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ቅንጣቶቹ ክምር ክምር ሆነው ይደረደራሉ» አለች። «ግን ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው ያለ ምንም መፋተግ ያልፋሉ። የትኛው የየትኛው ክምር እንደሆነ አይታወቅም። ስሌታችን የሚለው...» ቆም አለች። «ስሌቱ የሚለው።»

ስማቸው አሁን ደግሞ ጣራውን ማየት ጀመሩ።

አስማረ ያሰናዳውን እምቢታ ፈልጎ አጣው። ልጁ እርጥብ እጆቿን አየር ላይ እያመላለሰች የማይታይ ክምር ትደረድራለች፤ ፊቷ በርቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ያህል ስታወራ ሰምቷት አያውቅም። ከጋዙ ነገር አንድም ቃል አልገባውም።

በረጅሙ ተነፈሰ።

«ከዚያስ?» አላት።