የአንገት ማርካ

ልጅቷ የቤቱን ቁልፍ የአባቷ ስፌት መኪና ላይ አኖረችው። ማኖር ከተባለ ነው፤ ጣል ነው ያደረገችው።

«ነገ ጠዋት ነው የምሄደው። ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» አለች። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታለች። መቼ እንደምትመለስ አልተናገረችም፤ ልብስ ሰፊው አባቷም አልጠየቀም።

እሱ የያዘውን የሱሪ ጠርዝ መስፋቱን ቀጠለ። ሌላ አባት ቢሆን ብድግ ብሎ አንገቷ ላይ ይጠመጠም ነበር። ይኼ ሰውዬ ግን የጀመረው መስመር ሳያልቅ መነሳት አይሆንለትም። ልጄ ልትሄድብኝ ነው እያለ በልቡ፣ እግሩ መርገጫውን ይረግጣል። እናቷ ከሞተች ወዲህ በሁለቱ መሃል ከደህና ዋልክ ደህና ዋልሽ ያለፈ ነገር የለም። ለምን እንደሆነ እሱ ዛሬም አልገባውም።

መስመሩ አለቀ። መኪናው ዝም አለ።

«ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር» አለ፣ ሱሪውን እያጠፈ።

ልጅቷ ደነገጠች። «ምን ሆነህ?»

«እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነዋ። መድኃኒት ትሰጠኛለች ስል ስለ ልጅነቴ ትጠይቀኝ ጀመር። ከዚያ ሌላ ዶክተር ጋ ላከችኝ፣ እሷ ደግሞ ባሰች። ስንቴ አመላለሰችኝ መሰለሽ! በመጨረሻ ኦቲዝም ነው አለችኝ።»

«ኦቲዝም? የልጆች አይደል እንዴ እሱ?»

«እኔም እንደሱ ብያት ነበር። ‹ታዲያ እርስዎ ልጅ አልነበሩም?› አለችኝ።»

ልጅቷ ሳታስበው ፈገግ አለች። ወዲያው ፈገግታዋን ዋጠችው።

እሱ ግን ወሬው ከመጣለት አይመለስም። «አንዱ ጥያቄዋ ላይማ ሳቄ አመለጠኝ። ልብስ አንገት ላይ የሚሰፋው ማርካ ይረብሽዎታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ እኮ! ስቄ ስቄ ልሞት! ዶክተሯ ግራ ገባት። ‹ዶክተር፣ ሥራዬን አልነገርኩዎትም እንዴ?› አልኳት።»

እውነቱን ነው፣ ያስቃል። ሰፈሩ እሱን «ማርካ በላ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው የሱሪውን ማርካ ተሰናብቶ ነው የሚወጣው። አንዱ ውድ ኮቱን ሊያጠብብ ሰጥቶ፣ ማርካውን ሲያጣ ሊደበድበው ምንም አልቀረውም ነበር። ቤት ውስጥማ አይነሳ፤ የሚስቱንም የልጁንም አዲስ ልብስ፣ ገና ከመግባቱ፣ ተቀብሎ ይቆርጣል።

«ሰውን ሁሉ እንደኔ የሚኮሰኩሰው ይመስለኝ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው። «ሰው ሁሉ ይችለዋል፣ እኔ ብቻ አልችልም፤ እንደው ምን ዓይነት ልፍስፍስ ነኝ እል ነበር።»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ለዚህ ነው?» አለች። «እማዬ የሞተች ቀን፣ ለዚህ ነው?»

«የቱ?»

«የቱ ትለኛለህ? ቤቱ በለቅሶ ሲናጥ አንተ ጓዳ ቁጭ ብለህ፣ መቀስ ይዘህ፣ የምትቀበርበትን ቀሚስ ትሰፋ ነበር! አቅፌህ ላለቅስ ስመጣ ‹ቆይ› አልከኝ። ቆይ ነው ያልከኝ አባዬ! አንዲት እንባ እንኳ አልወጣችህም።»

ልብስ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ዓይኗን አይደለም፣ አገጯን ነው ያየው።

«አልሰፋሁም» አለ። «ማርካውን ነው የቆረጥኩት። አዲስ ቀሚስ ነበር። እዚያ ሆና… እጇን አንስታ አታክከው። እኔ የለሁ። ማን ይቆርጥላታል ብዬ ነው።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። «ወይ አባዬ! ወይ ጉዴ! በሕይወት ያለሁትን ቆይ ብለህ!» እሱም ስትስቅ አብሯት ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

«እንደኔ ያለውን ነው እንጂ ሁሉንም ሰው አይኮሰኩሰውም አለችኝ ዶክተሯ» አለ። «እንደዚያ ካለችኝ ቀን ወዲህ ነው እንቅልፍ ጭራሽ ያጣሁት። ያን ሁሉ ዘመን ስቆርጥላት፣ ይኮሰኩስሻል ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።»

ልጅቷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ልትዋሸው አስባ ነበር፤ አልቻለችም።

«አይኮሰኩሳትም ነበር» አለች። «እኔ ጠይቄያታለሁ። ይኼን ሁሉ ተራ ቀሚስ ምን ያደርግልሻል፣ ለምን ትገዣለሽ ብዬ። ‹አባትሽ አንገቴን የሚነካኝ ማርካ ሲቆርጥልኝ ብቻ ነው› አለችኝ። እየሳቀች ነበር ያለችኝ።»

እሱ ያጠፈውን ሱሪ ዘረጋ። መልሶ አጠፈው። ደግሞ ዘረጋው።

«ብትነግረኝ ኖሮ» አለ። «ብትነግረኝ እኮ እነካት ነበር።»

ይኼን ሲል እንባው በአገጩ ላይ ወርዶ ሱሪው ላይ ጠብ አለ። የሰው ሱሪ ነው፤ እሱ ግን አላየውም።

ልጅቷ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ደንበኛ የሚቀመጥባትን ዱካ ሳበችና ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ለመንገዱ ብላ የገዛችውን አዲስ ሸሚዝ ነው የለበሰችው። ጸጉሯን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ላይ ያዘችለት።

ልብስ ሰፊው ትንሿን መቀስ አነሳ። ጣቶቹ አንገቷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኮሰኩስሻል?» አላት።

«አይ፣ አይኮሰኩሰኝም» አለች፣ አንገቷን ዝቅ እንዳደረገች። «ቀስ ብለህ ቁረጠው።»